ከጓዳ በኩል፦ የምግብ ደኅንነት በጉለሌ ምግብ ቤቶች

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ፣ ሰዉ ዛሬም «ፓስተር» በሚለው ሰፈር ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ምሳ ቤቱና ሥጋ ቤቱ ተደርድሯል። እውቀቱና ጓዳው ጎረቤት ናቸው፤ የሚገናኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረርሽኝ ሲመጣ ነው። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ አትክልት አትብሉ ተባለ፤ በየምግብ ቤቱ በር ሳሙና ተቀመጠ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሳሙናውም ተረሳ።

ደንቡ ረጅም አይደለም፦ እጅን መታጠብ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ አለማቆየት፣ ንጹሕ ውሃ መጠቀም። የእኛ ጓዳ ግን የራሱ ፈተና አለው። በጾም ቀን ጠዋት የተሠራው ምስር ወጥ እስከ ማታ ምድጃ ዳር ይውላል። በፍስክ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋ ለሰላጣው ይደገማል። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ እሳት ስለማያገኛቸው የኮሶ ትልን የሚከለክለው የቄራ ምርመራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ተሕዋስ ያለው መከላከያ የከታፊዋ እጅ ንጽሕና ነው። ጣቷ ላይ ያመረቀዘ ቁስል ካለ ደግሞ ከቁስሉ የወጣው ባክቴሪያ ምግቡ ላይ የሚተወው መርዝ ድጋሚ በማሞቅ አይጠፋም።

ቁጥጥሩ በአብዛኛው በጤና ምርመራ ደብተር ላይ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው ሰገራው ታይቶ ማኅተም ያገኛል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቅማጥ ቢይዘውስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያውን የሕመም ወር በሙሉ ደመወዝ ይሰጣል። ያለ ውል በቀን ሒሳብና በጉርሻ የሚያድር አስተናጋጅ ግን ይህን ለማስከበር አቅም የለውም፤ በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳ አልተደነገገም። ስለዚህ ሆዱን ይዞ ሥራ ይገባል።

ውሃውም በፈረቃ ነው። ሮቶ የሌለው ቤት በጀሪካን ቀድቶ፣ አንዱን ሳፋ ለስንት ሳህን ያውለዋል። እንዲህ ባለበት ሥልጠና መደጋገም ብቻውን፣ በእኔ እምነት፣ ጥፋቱን ድሃዋ እቃ አጣቢ ላይ መጣል ነው። ተቆጣጣሪው የጤና ደብተር ሲጠይቅ ባለቤቱን የሮቶውን ውሃና ለታመመ ሠራተኛ የተከፈለበትን መዝገብ አብሮ ይጠይቀው።