ቤት የጫነ መኪና፤ ያገለገለውን ስለ መግዛትና እዚሁ ስለ ማሠራት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ በሚወርደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በመካኒሳና በለቡ አካባቢ ያሉት ጋራዦች የሚያስተናግዱት እንግዳ ብዙ ዐይነት ነው። ከአይሱዙውና ከቅጥቅጡ፣ ከሚኒባሱና ከላንድ ክሩዘሩ መካከል አልፎ አልፎ የውጭ አገር ሰሌዳ የለጠፈ፣ በውስጡ አልጋና ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና ቁም ሣጥን የያዘ ተሽከርካሪ ባሌስትራውን ሊያስጠግን ወይም ዘይት ሊያስለውጥ ቆሞ ይታያል። ባለቤቶቹ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን ወይም ከዚያ ወደዚህ የሚጓዙ አገር ጎብኚዎች ናቸው። ይህን ያየ ነጋዴ፣ ይልቁንም በጉብኝት ሥራ የተሰማራ እንደ ሆነ፣ «እንዲህ ያለው አንዱ ቢኖረኝ» ብሎ ቢመኝ አያስገርምም።

ምኞቱ ከንቱ አይደለም። ጥምቀት በጎንደርና በላሊበላ በሚከበርበት ሰሞን የሆቴል አልጋ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የጉብኝት ድርጅቶች ሁሉ ያውቁታል። ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ወደ ዳናክል በረሃ የሚሄድ እንግዳም ድንኳን፣ ፍራሽ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ምግብ አብሳይ ከኋላው አስከትሎ ይጓዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ በሌላው ዓለም የቆየ ንግድ ነው፤ በጀርመን አገር የቬስትፋልያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 በቮልስዋገን ሚኒባስ ውስጥ የሚገጠም የመኝታና የማዕድ ዕቃ መሥራት ከጀመረ ወዲህ፣ ያገለገሉት እንኳ የራሳቸው ገበያ አላቸው። ጥያቄው ነጋዴያችን ያንን ዕቃ ከየት፣ በምን ዋጋና በምን ዐይነት ማስረጃ ያገኘዋል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከውጭ አገር ማስመጣት ይሆናል። እዚህ ላይ አስመጪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ መሠረት ቤት የጫነ መኪና ከቤት ዕቃም ከጭነት መኪናም አይቈጠርም፤ የሚመደበው ሰው ለማጓጓዝ ከተሠሩት አውቶሞቢሎች ጋር በ87.03 ነው። ስለዚህም አውቶሞቢልን የሚመለከተው ቀረጥና ገደብ ሁሉ ይከተለዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን እንደ ዕድሜያቸው እያከበደ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎባቸዋል። ይህም ማለት ዕድሜው የገፋ መኪና ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣ ቢሆን፣ በመጨረሻው መደብ ከወደቀ ኤክሳይዙ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ብር ይበልጣል፤ ታክሱ የሚሰላው የጉምሩክ ቀረጡ ከተጨመረበት ዋጋ ላይ ነውና። አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ ስለ ተደረገበት፣ አስመጪው የዕለቱን ታሪፍ ከጉምሩክ ኮሚሽን ሳያረጋግጥ ሂሳብ መሥራት የለበትም። ከዚህም በላይ በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲደመሩ የማስመጣቱ በር ለብዙው ነጋዴ የተዘጋ ያህል ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ከላይ ለተጠቀሰው መንገደኛ «ሸጠህልኝ ሂድ» ማለት ነው። ይህ የሚያጓጓ፣ ግን እጅግ አደገኛ የሆነ ንግድ ነው። መንገደኛው መኪናውን ይዞ የገባው በጊዜያዊ ፈቃድ፣ መልሶ ሊያወጣው ግዴታ ገብቶ ነው። ቀረጡና ታክሱ ተከፍሎ ሕጋዊ ሥርዓቱ እስካልተፈጸመ ድረስ መኪናው በዚህ አገር ሊሸጥ አይችልም፤ ሊብሬ አይወጣለትም፤ በስም አይዛወርም። መንገደኛው ገንዘቡን ተቀብሎ በአውሮፕላን ቢሄድ በገዢው እጅ የሚቀረው ጉምሩክ በማንኛውም ጊዜ ሊይዘው የሚችል ንብረት ነው። ደላላ «ወረቀቱ ኋላ ይስተካከላል» ሲል ከተሰማ ንግግሩን እዚያው ላይ ማቆም ይሻላል። በቀረጥ ነፃ መብት ለጉብኝት ሥራ የገቡ ላንድ ክሩዘሮችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለእነርሱ ሊብሬ ቢኖራቸውም፣ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፉ ያልተከፈለው ቀረጥ ይጠየቃል፤ ይህንንም ሻጩ ይከፍላል ወይስ ገዢው ብሎ በውሉ ላይ በግልጽ ሳይጻፍ ቀብድ መስጠት አይገባም።

ስለዚህ የሚያዋጣው ሦስተኛው መንገድ ይመስላል፤ ይኸውም ቀረጡ ተከፍሎ በአገር ውስጥ ያገለገለ ሚኒባስ ወይም መካከለኛ አውቶቡስ ገዝቶ ውስጡን እዚሁ ማሠራት ነው። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ቀጥቅጦ መትከል የአገራችን ባለሙያዎች የተካኑበት ሥራ ነው፤ ቅጥቅጥ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። ያንን የሚሠራ እጅ አልጋና ቁም ሣጥን መግጠም አያቅተውም። ይሁን እንጂ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በሚያዘው መሠረት የመኪናውን አካል ወይም አገልግሎት መለወጥ ፈቃድ ያሻዋል። ወንበሩን ነቅሎ አልጋ ከተከለ በኋላ ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበ መኪና ከሊብሬው ጋር ስለማይስማማ ቦሎ ሊከለከል ይችላል። ፈቃዱ ከብየዳው መቅደም አለበት።

ክብደትም አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናልና 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ብቻውን የሦስት ጎልማሶች ያህል ክብደት አለው። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው፣ ተጨማሪው ባትሪ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ እንጨቱና ፍራሹ ሲጨመር፣ ሰው ሳይሳፈርበት የመኪናው አቅም ሊያልቅ ይችላል። በርሜሉ በአንድ ወገን ከተተከለ መኪናው ያዘነብላል፤ ከፍ ብሎ ከተተከለ ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያንገዳግዳል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ የሚችለውን ክብደት ሳያውቅ ባይነሣ ይመረጣል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። መኪናውን ለማየት ከሁሉ የተሻለው ወር ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። በታኅሣሥ ደረቅ አየር ያማረው ጣሪያ በክረምት ዝናብ እውነቱን ይናገራል። ቤት የጫነ መኪና ከሞተሩ ይልቅ በውሃ ይሞታል፤ በመስኮቱና በጣሪያው መጋጠሚያ የሰረገው ጠብታ ከፎርማይካው ጀርባ ያለውን እንጨት አበስብሶ፣ ከውጭ አንዳች ምልክት ሳይታይ ግድግዳው ገለባ ይሆናል። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ቦታ፣ በሩ እንደ ተከፈተ አፍንጫን የሚመታ የሻጋታ ሽታ፣ ከሌላው ግድግዳ ተለይቶ አዲስ ቀለም የተቀባ ጥግ፣ ሁሉም ዋጋ የሚያስቀንሱ ናቸው። ሻጩ ከዕይታው በፊት መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ሽቶ ረጭቶ ከጠበቀ፣ ለምን እንዳደረገው ገዢው ራሱን ይጠይቅ።

ከሥር ሻንሲው ይታያል። መኪናው በጉድጓድ ላይ ቆሞ ወይም በክሪክ ተነሥቶ በመብራት ካልታየ አልታየም ማለት ነው። የተቀጠለ፣ የተበየደ ወይም በስቱኮ ተለስኖ ጥቁር ቀለም የተቀባ ስፍራ ከተገኘ የአደጋ ታሪክ አለው። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መነጻጸር አለበት፤ ቁጥሩ ባለበት ቦታ ዙሪያ የፋይል ወይም የብየዳ ፋና ከታየ የዋጋ ድርድር ሳይሆን ስንብት ነው የሚያስፈልገው። ከጃፓን ገበያ መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ ሚኒባሶች ላይ ደግሞ የመሪው ዘንግ የተያዘበት ቦታና የዳሽቦርዱ ውስጥ ሽቦ በተለይ ይታያል፤ ሥራው በጥሩ ባለሙያ የተሠራም በችኮላ የተሠራም አለና።

ጎማን በተመለከተ ጥርሱ ብቻ አያታልል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1516 ቢል እ.ኤ.አ. በ2016 በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ የሚቆሙና ጥቂት የሚሄዱ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል።

የሞተሩ ፈተና በሜዳ ላይ አይሁን። አየር እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ የሆነውም መኪና ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ደካማ ነው። በለቡ ሰፊ አስፋልት ላይ ዐሥር ደቂቃ ነድቶ «ጥሩ ነው» ማለት ምንም አያስረዳም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት፣ ከዚያም ውሃው ተሞልቶ፣ ሰው ተሳፍሮበት የእንጦጦን ዳገት ማስወጣት ይገባል። በዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት፣ የራዲያተሩ ሙቀት የሚያሻቅብ፣ ነጭ ጢስ የማያቋርጥ ከሆነ የቴስታታው ጉርኒሲዮን እስከ መለወጥ የሚደርስ ወጭ ይጠብቃል። ካንቢዮው ቁልቁለት ላይ ከማርሽ የሚያመልጥ እንደ ሆነም የሚታወቀው ሲመለሱ ነው። ይህን ሙከራ የሚከለክል ሻጭ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

ስለ ጋዝ አንድ ቃል፤ ንጹሕ ቡቴን ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲቀርብ ወደ ትነት መለወጡን ያቆማል። በሰሜን ተራሮችና በባሌ አምባ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ለበረሃ የተገጠመው ምድጃ እዚያ ሻይ እንኳ ላያፈላ ይችላል። ቱቦው የተሰነጠቀ ከሆነ ሳይከራከሩ ማስለወጥ ነው። የሲሊንደሩ ሣጥንም ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛልና።

ከመኪናው ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ዋናው መሆኑ፣ ዲክላራሲዮኑ መኖሩ፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈ መሆኑ፣ መኪናው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነፃ መሆኑ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከመዝገቡ ቢሮ ይረጋገጣል። በየሠፈሩ የተለመደ አንድ አሠራር ግን ሊነቀፍ ይገባዋል፤ ይኸውም የስም ማዛወሪያውን ወጭ ለማዳን ሽያጭ ሳይፈጽሙ በውክልና ብቻ መኪና መግዛት ነው። ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ሻጭ ከሞተ ወራሾቹ መኪናውን የአባታቸው ንብረት ነው ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ገዢውም ከፍሎ የገዛውን ንብረት በክርክር ለማስመለስ ይገደዳል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት ፊት ተፈርሞ ስሙ ወዲያው መዛወር አለበት።

ሁሉም ተደርጎ ጉድለት ቢገኝስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተሰወረ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን እንደ ተረከበ ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ፣ ሻጩ ያታለለው ካልሆነ በቀር መብቱን ያጣል። በግልጽ ይታይ ለነበረው ወይም ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ዋስትና የለም። «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚለው ቃል በውሉ ላይ ቢጻፍም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከተገኘ አያድነውም። ስለዚህ ገዢው በምርመራው ቀን የታየውን ሁሉ፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብ፣ የጎማዎቹን ቁጥር፣ የጣሪያውን ሁኔታ፣ ሻጩ በቃሉ ያረጋገጠውንም ጭምር በወረቀት አስፍሮ፣ ሁለቱ ወገኖችና መካኒኩ ፈርመውበት ከውሉ ጋር ያያይዘው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው።