ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሚከተል ጭንቀትና ድብርት፦ በፎገራ ሜዳ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

የጣና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ትኩሳት እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ለሩዝ ይመቻል፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ከዝናቡ ማብቃት በኋላ የሚመጣው የወባ ወቅትም ከሩዝ አጨዳ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በወረታና በአካባቢዋ «ሰውነቴ ዛለ፣ ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» የሚል ታካሚ ሲመጣ በቅድሚያ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ታካሚው ከሳምንታት በፊት ከቫይረስ ሕመም ያገገመ፣ ምርመራውም በተደጋጋሚ ነጻ የሆነ ከሆነ፣ ሌላ ዙር ፀረ ተሕዋስያን ከመታዘዙ በፊት ስለ ስሜቱና ስለ እንቅልፉ ሊጠየቅ ይገባል።

ችግሩ ምን ያህል ይታወቃል?

ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሚከተል የመንፈስ መታወክ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ በተሰራጨው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ የነበሩ ሐኪሞች፣ ታካሚዎች ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ በድካም፣ በእንቅልፍ ማጣትና በኀዘን ሲቸገሩ ተመልክተው ጽፈዋል። በአገራችን በ1911 ዓ.ም. የደረሰው ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ እስከ ዛሬ የሚታወስ ሲሆን፣ ቤተሰቡን ቀብሮ የቀረው ሰው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ኀዘኑንም ተሸክሞ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታካሚ መገኘቱ ይፋ ከሆነ በኋላም ጉዳዩ እንደገና ትኩረት ስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ ገደማ ጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ከ230 ሺህ በላይ የኮቪድ ታካሚዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ የጭንቀት፣ 14 በመቶ ያህሉ የስሜት መታወክ ምርመራ ውጤት እንደተመዘገበላቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ሕመሙ ቀድሞ የነበረባቸውንም ይጨምራል፤ ታካሚዎቹም በአብዛኛው አሜሪካውያን ስለሆኑ ለፎገራ በቀጥታ መውሰድ አይቻልም። ነገር ግን መጠኑ ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ከነበሩት ሰዎች የበለጠ ሆኖ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ለምን ይከሰታል?

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ሰውነት ቫይረስን ሲከላከል የሚያመነጫቸው የብግነት ንጥረ ነገሮች በአንጎል ላይ ተጽዕኖ አሳድረው ድካምን፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስንና ከሰው መራቅን ያስከትላሉ። ይህ ስሜት በአብዛኞቹ ሰዎች በቀናት ውስጥ ሲያልፍ በአንዳንዶቹ ይሰነብታል። በዚያ ላይ የሞት ፍርሃት፣ ተለይቶ መቆየት፣ የጎረቤት መሸሽና የገቢ መቋረጥ ይጨመራሉ። በአጨዳ ወቅት ከማሳ የቀረ ገበሬ የዓመቱን ቀለብ ማጣቱን ያስባል፤ ስንፍና ተብሎበት ሲታማ ደግሞ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ኤች.አይ.ቪ.ን ወይም ሄፓታይተስ ቢን በመሰለ ነዋሪ ቫይረስ የተያዘ ሰው በበኩሉ የምርመራ ውጤቱን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ስጋት ሊያድርበት ይችላል።

እንዴት ይለያል?

በቅድሚያ አካላዊ መንስኤ መፈተሽ አለበት። ወባ፣ ግርሻ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የስኳርና የእንቅርት ሕመም ሊታሰቡ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ምርመራ ታይፎይድን እንደማያረጋግጥም መዘንጋት የለበትም። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የኦክስጅን መጠን መቀነስ «ጭንቀት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ኀዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ይሰማዎታል?»፤ «ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ሥራና ጨዋታ አሁን አላስደስት ብሎዎታል?»። ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜትና ስለ ዕለት ሥራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ታካሚዎች «አዝኛለሁ» ከማለት ይልቅ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል» ይላሉና የሚናገሩበትን ቃል ማክበር ለምርመራው ይረዳል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

1. ማስረዳት። «ምንም የለብዎትም» የሚለው ቃል ታካሚውን ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሰዳል። ከዚህ ይልቅ «ሕመምዎ እውነተኛ ነው፤ ቫይረሱ ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ የሚሻሻልም ነው» ብሎ መግለጽ ይሻላል።

2. ሥራን በመጠን መጀመር። ከቤት ደጅ በመራመድ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ጥቂት ከሠራ በኋላ በማግሥቱ ድካሙ የሚብስበት ሰው ግን ሥራውን ከፋፍሎ፣ እያረፈ እንዲሠራ ይመከራል እንጂ አይገፋም።

3. እንቅልፍና ልማድ። በተወሰነ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና መቀነስ፣ ለእንቅልፍ ብሎ አረቄ ከመጠጣት መቆጠብ፣ ጭንቀት ሲነሣም በዝግታ መተንፈስ ይጠቅማል።

4. የማኅበረሰቡ ድጋፍ። ታካሚው ከፈቀደ ቤተሰቡና ነፍስ አባቱ ወይም ሸሁ እንዲያግዙት ማድረግ፣ ከዕድርና ከማኅበር እንዳይርቅ ማበረታታት፣ አጨዳውንም በደቦ እንዲያግዙት ማሳሰብ ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው አይነቀፍም፤ የጀመረውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ ይነገረዋል።

5. መድኃኒት። መካከለኛ ወይም ከባድ ድብርት ላለበት አዋቂ ፍሉኦክሲቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ያለ ልክ የመፈንጠዝና እንቅልፍ የማጣት ታሪክ ስለ መኖሩ መጠየቅ የግድ ነው። ለውጡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል፣ ከተሻለም በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል እንዳለበት ለታካሚው ይገለጻል። አሚትሪፕቲሊን የልብ ሕመም ላለበት አይመከርም። ዳያዚፓም ድብርትን አያክምም፤ ሲለመድም ለማቆም ያስቸግራል።

ሊዘገይ የማይገባው ጉዳይ

ስለ ሞት ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። የፎገራ ሩዝ አምራች ቤት የአረምና የተባይ መድኃኒት ሊገኝበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው ብቻውን አይተው፤ ቤተሰቡም ኬሚካሉን ከቤት አውጥቶ በተቆለፈ ቦታ እንዲያኖር ይነገረው። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲወሰድ ለሞት ስለሚዳርግ፣ የሚታዘዘው በጥቂቱ ሆኖ የሚይዘው የቤተሰብ አባል ይሁን። ራሱን ለማጥፋት ዕቅድ ያለው፣ ምግብ የተወ፣ ወይም ከእውነታ የራቀ ድምፅ የሚሰማ ታካሚ ሳይውል ሳያድር ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል መላክ አለበት።

ማጠቃለያ

ከቫይረስ ሕመም ያገገመ ሰው በድካም ምክንያት ደጋግሞ ሲመጣ የላቦራቶሪው ነጻ ውጤት የምርመራው መጨረሻ ሊሆን አይገባም። ሁለቱን ጥያቄዎች ለማቅረብ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ትኩሳቱ ለቆት ከአልጋ ያልተነሣውን ሰው ቢጠይቁና ወደ ጤና ጣቢያ ቢያመጡ፣ ብዙ ታካሚ አላስፈላጊ መድኃኒት ከመዋጥና ከከንቱ ወጪ፣ አንዳንዱም ከሞት ሊድን ይችላል።