ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ውኃ አጠባበቅ

ገበሬ በክረምት ቢርበው እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይበላም። ዘሩን የበላ ሰው ለዛሬ ይጠግባል፤ በመከር ጊዜ ግን የሚያጭደው ነገር አይኖረውም። ዓሣ አጥማጅም እንዲሁ ነው። እርሱ አይዘራም፥ አያርምም፤ በውኃ ውስጥ ያደገውን ብቻ ያወጣል። ለዓሣ ዘር የሚሆን ጎተራ ስለሌለው፥ ዘሩን በውኃው ውስጥ መተው ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ዓሣ የሚጠመድባቸው ብዙ ሐይቆች አሉ፤ ከእነርሱም ጣና፥ ዝዋይ፥ ሐዋሳና ጫሞ የታወቁ ናቸው። ሰው ወንዝ ገድቦ በሠራቸው ሐይቆችም ዓሣ ይኖራል፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ አንዱ ነው። አጥማጆች አብዝተው ከሚይዟቸው ዓሦች መካከል ቆሮሶ፥ አምባዛና ቢልጫ ይገኛሉ። ሥጋ በማይበላበት በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚፈልግ ሰው ይበዛል፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው ይጨምራል፥ ዋጋው ሲጨምርም አጥማጁ ብዙ ለመያዝ ይቸኩላል።

ይሁን እንጂ ዓሣ እንዴት እንደሚራባ ሳያውቁ መቸኮል ጥፋት ያመጣል። የቆሮሶ እናት ዕንቍላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም የሚያስፈራ ነገር ሲመጣባቸው ተመልሰው በአፏ ይሸሸጋሉ። እንግዲህ አጥማጅ ይህችን እናት ቢይዝ አንድ ዓሣ ብቻ ያዘ ይባላልን? ከእርስዋ ጋር ልጆቿን ሁሉ አጥፍቷል። ስለዚህ የመረብ ዓይን ሰፊ ሊሆን ይገባል። ዓይኑ ሰፊ ሲሆን ታናሹ ዓሣ ሾልኮ ያመልጣል፤ አድጎም ይራባል። ዓይኑ ጠባብ ሲሆን ግን ገና ያልወለደውን ሁሉ ይጠርጋል።

በጣና ሐይቅ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በጥንት ዘመን የጣና አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ፥ ከዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። በጣና የሚኖሩ ብዙዎቹ የቢልጫ ወገኖች በክረምት ወንዝ ሲሞላ ዕንቍላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጆችም ዓሣው በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ ባዩ ጊዜ መረባቸውን በዚያ ዘረጉ። በአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ማግኘታቸው ደስ አሰኛቸው፤ ነገር ግን የያዙት ሊወልድ የሚሄደውን ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ቀነሰ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በውኃ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ይህም መርዝ ታላቁን ከታናሹ ሳይለይ ሁሉን ያሰክራል።

ነገር ግን ዓሣ የሚጠፋው በአጥማጅ እጅ ብቻ አይደለም። መረብ ያልያዘ ሰውም ዓሣን ሊገድል ይችላል። ይህን ለመረዳት በአዲስ አበባ ደቡብ ወዳለው ወደ አቃቂ ቃሊቲ መመልከት ይበቃል። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ይህ ግድብ በኢትዮጵያ በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራውን አቁሞ ከቆየ በኋላም ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ።

ወንዞቹ ግን ወደ ግድቡ ውኃ ብቻ ይዘው አይመጡም። ከቤቶች የሚጣለው ጥራጊና እድፍ፥ ከፋብሪካዎችም የሚፈስሰው ቆሻሻ አብሮ ይወርዳል። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ እድፍ ሲበሰብስ ይህ አየር ያልቃል፥ ዓሣውም በውኃ ውስጥ ሳለ ታፍኖ ይሞታል። እድፉ ደግሞ እንደ ፍግ ሆኖ እምቦጭ የሚባለውን አረም ያፋፋል፤ አረሙም የውኃውን ፊት ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፥ የጀልባንም መንገድ ይዘጋል። አምባዛ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ ስለሚችል ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። ስለዚህ አምባዛ በሕይወት መገኘቱ ውኃው ንጹሕ ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ መርዝ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ሊከማች፥ ከዓሣውም ወደሚበላው ሰው ሊያልፍ ይችላል።

ከአባ ሳሙኤል የሚወጣውም ውኃ በዚያ አይቆምም፤ ወደ አዋሽ ገብቶ እስከ ቆቃ ይደርሳል። በአዲስ አበባ አንድ ሰው ወደ ወንዝ የጣለው ነገር፥ አይቶት በማያውቀው በሌላ ሰው መረብ ውስጥ ይገኛል።

የዓሣ ሀብት በሥርዓት እንዲያዝ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ሆኖም ሕግ ብቻውን ውኃን አይጠብቅም። እርሻ ባለቤት ስላለው ይታጠራል፤ ሐይቅና ወንዝ ግን የሁሉ ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይጠብቃቸዋል ብሎ ይተዋቸዋል። አስተዋይ ሰው እንዲህ አያስብም። አጥማጅ ቢሆን ታናሹን ዓሣ ይለቅቃል፥ በመውለጃውም ወራት መረቡን ይሰበስባል። ባለ ፋብሪካ ቢሆን ቆሻሻውን ሳያጣራ አያፈስስም። ተማሪም ቢሆን ጥራጊውን ወደ ወንዝ አይጥልም። ዛሬ በልክ የወሰደና ውኃውን በንጽሕና የጠበቀ ሕዝብ፥ ነገም ልጆቹ የሚያጠምዱት ዓሣ አያጣም።