ዘፈኑ ለማን ይሰጥ? የታዳጊ ወጣቶች ፊልሞች ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲሸጋገሩ



የዛሬው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ከገጻችሁ አነባለሁ። ሼክስፒርንና ኢብሰንን ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊልም ምን ያወራል ሳትሉ አልቀራችሁም። ይሁን እንጂ በዚህ ክፍለ ዘመን በብሮድዌይ ከታዩት ሙዚቃዊ ቴአትሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ፊልም ነው፤ ከእነዚህም መካከል የታዳጊ ወጣቶች ፊልሞች የራሳቸውን ስፍራ ይዘዋል። «ሄርስፕሬይ» በ2002፣ «ብሪንግ ኢት ኦን» በ2012፣ «ሚን ገርልስ» በ2018 መድረክ ላይ ወጥተዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የውጭ ድርሰትን ወደ ራሳችን መድረክ ስናመጣ ሥራውን «ውርስ ትርጉም» እንለዋለን። ቃሉን ለዚህም ልዋሰው። ወራሽ የሚረከበው ሀብቱን ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ቢኖር ይረከባል። እኔ የማተኩረው በዕዳው ላይ ነው።

ካሜራ አንድን ገጸ ባሕርይ በቅዝቃዜ ሊመለከተው ይችላል። ፊቱን አቅርቦ ያሳየናል፤ ነገር ግን እንድንወድደው አያስገድደንም። በሙዚቃዊ ቴአትር ተዋናዩ ወደ መድረኩ ፊት ወጥቶ፣ ብርሃን በርቶለት፣ ሙዚቃ ተከትሎት ሲዘፍን ግን ተመልካቹ ሳያስበው ከእርሱ ጋር ይተነፍሳል። ዘፈኑ ሲያበቃም ያጨበጭባል። ላጨበጨቡለት ሰው መጨከን ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ደራሲው ዘፈን ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን ርኅራኄን ለማን እንደሚያድልም መወሰኑ ነው። መነሻ ፊልሙ ርኅራኄን ሆነ ብሎ የነፈገ የስላቅ ሥራ ከሆነስ?

ዳንኤል ዋተርስ የጻፈው፣ ማይክል ሌማን ያዘጋጀውና በ1989 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ሄዘርስ» እንዲህ ያለ ፊልም ነው። ሄዘር የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶች ትምህርት ቤቱን ይገዛሉ። ከእነርሱ ጋር የምትውለው ቬሮኒካ ጄዲ ከተባለ ወጣት ጋር ትገናኛለች፤ ሁለቱም ግድያን ራስን ማጥፋት ያስመስላሉ። ስላቁ በዋናነት ያነጣጠረው በልጆቹ ሞት ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የይስሙላ ሐዘን ላይ ነው። ማንም በሕይወት ሳለች ያልወደዳት ልጅ ስትሞት ጥልቅ ነፍስ እንደነበራት ይነገርላታል። ለቅሶ ቤት አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ገቢ አልቀናውም፤ ወዳጆቹን ያገኘው በኋላ በቪዲዮ ነው።

ሎረንስ ኦኪፍና ኬቪን መርፊ ሥራውን ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ለውጠው በ2014 በኒው ዮርክ ከብሮድዌይ ውጭ ባለ መድረክ አሳዩት። ማርታን ተመልከቱ። በፊልሙ ውስጥ የሁሉም መሳለቂያ የሆነች፣ እምብዛም የማትናገር ልጅ ናት። ደራሲዎቹ ማርታንና ቤቲ ፊን የተባለችውን የቬሮኒካን የቀድሞ ጓደኛ አንድ ሰው አደረጓቸው፤ ለብቻዋ የምትዘፍነውም ዘፈን ሰጧት። ዝም ያለችው ልጅ ድምፅ አገኘች። ይህ በእኔ ግምት ከፊልሙ የተሻለ ውሳኔ ነው። ጄዲም ሐዘኑን በበረዷማ መጠጥ ስለማደንዘዝ ይዘፍናል፤ እዚህ ላይ ግን ነፍሰ ገዳዩን ሳንወድደው አንቀርም። ደራሲዎቹ አደጋውን አውቀው የገቡበት ይመስለኛል፤ ቬሮኒካ የተታለለችበትን መንገድ እኛም እንድንሄድበት ፈልገዋል።

አሁን ወደማፍርበት ጉዳይ ልምጣ። በኒው ዮርኩ ቅጂ ሁለት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ቬሮኒካን አስገድደው ሊደፍሯት የሚቃጡበት ትዕይንት አለ። ለእነዚህ ወጣቶች የተሰጣቸው አስቂኝ ዘፈን ነበር። ዜማው ያዝናናል፣ ቤት አመታቱም የተዋጣለት ነው። ከዓመታት በፊት ዘፈኑን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሳሰማ ሳቅሁ፤ ክፍሉም አብሮኝ ሳቀ። ሲያበቃ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ቬሮኒካ በዚህ ሰዓት የት ነው ያለችው?» ስትል ጠየቀችኝ። እዚያው መድረክ ላይ ናት አልኋት። «ታዲያ ለምን አትዘፍንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሚገርመው ደራሲዎቹ ራሳቸው ዘፈኑን ማውጣታቸው ነው። ለትምህርት ቤቶች በተዘጋጀው ቅጂ፣ ቀጥሎም በ2018 በለንደን በቀረበው ዝግጅት፣ በሌላ ዘፈን ተተክቷል፤ በአዲሱ ውስጥ ቬሮኒካም ትዘፍናለች፣ ፍርሃቷንና ማምለጫ ፍለጋዋን እንሰማለን። ታሪኩ ያው ነው፤ ወጣቶቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ዘፈኑ የማን እንደሆነ ነው። በለንደኑ ዝግጅት ቬሮኒካ ጄዲን እምቢ የምትልበት አዲስ ዘፈንም ታክሏል። «ስላቁ ተሸራረፈ» ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ ቅሬታቸውን በቀላሉ አልጥለውም፤ «ሄዘርስ»ን «ሄዘርስ» ያደረገው ጭካኔው ነውና። ነገር ግን ያ አስቂኝ ዘፈን ስላቅ አልነበረም። ስላቅ ወንጀለኛውን መሳለቂያ ያደርጋል፤ ዘፈኑ እኔን ከወጣቶቹ ጋር አሳቀኝ።

ስለ «ሚን ገርልስ» በአጭሩ ልናገር። የ2004ቱን ፊልም የጻፈችው ቲና ፌይ የመድረኩንም ድርሰት ራሷ ጽፋለች፤ ሙዚቃው የባለቤቷ የጄፍ ሪችመንድ፣ የዘፈኑ ግጥም የኔል ቤንጃሚን ነው። በፊልሙ ተራኪዋ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኬዲ ናት። በመድረክ ትረካው ለጓደኞቿ ለጃኒስና ለዴሚየን ተላለፈ፤ ተመልካቹን በቀጥታ ያነጋግራሉ። በፊልሙ ውስጥ ከሳቅ ምንጭነት እምብዛም የማታልፈው ግሬችንም ስለ ራሷ የምትጠይቅበት ዘፈን አግኝታለች። በነገራችን ላይ፣ ኬዲ ያደገችበትን ስፍራ ፊልሙ «አፍሪካ» ብሎ ሲያልፈው መድረኩ ቢያንስ «ኬንያ» ለማለት በቅቷል። ሥራው ለ12 የቶኒ ሽልማቶች ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከተዘጋ በኋላም ወደ ብሮድዌይ አልተመለሰም።

ለልምምድ ክፍላችሁ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው። ከምታውቁት ፊልም አንድ ትዕይንት ምረጡ፤ በትዕይንቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ፣ ዝም ያሉትንም ጭምር፣ በወረቀት ዘርዝሩ። ከዚያ ዘፈኑን በየተራ ለእያንዳንዳቸው እየሰጣችሁ ትዕይንቱን ጻፉት። ያቺ ተማሪ ዛሬ ከመካከላችን አለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ስለጠየቀችኝ አልጠራትም። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።