የአምቡላንሱን ታሪፍ ማን ቆረጠው?

አክስቴ ራሷን ስታ የወደቀችው ኢንግልውድ በሚገኘው አፓርታማዋ፣ እሑድ ማታ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ነው። ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ «አምቡላንስ ጠራችሁ እንዴ?» የሚል ነበር። ልጇ 911 ከደወለች ቆይታለች። ቀድሞ የደረሰው የካውንቲው እሳት አደጋ ቀይ መኪና ነው፤ ከኋላው የግል ድርጅት አምቡላንስ መጣ። ባለሙያዎቹ በደንብ ተንከባከቧት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፖስታው መጣ።

ቢሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስመር በመስመር አነበብነው። መነሻ። ማይል። ኦክስጅን። የሌሊት ጭማሪ፦ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ለጠራ ሰው የሚታከል ነው። 3 ማይል ለማይሞላ ጉዞ ድምሩ ከ2 ሺህ ዶላር አለፈ። ኢንሹራንሷ ድርጅቱ ከእኔ ጋር ውል የለውም ብሎ ከፊሉን ከፈለና የቀረውን ለእሷ ተወላት። «ዘረፉኝ» አለች። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በተረጋጋ ድምፅ «ዋጋው የእኛ አይደለም፣ የካውንቲው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ የግል አምቡላንስ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛ ታሪፍ በካውንቲው ደንብ የተወሰነ ነው፤ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይስተካከላል። ከመነሻው አንስቶ እስከ አንገት መደገፊያውና በረዶው ድረስ ለየብቻ ዋጋ ተቆርጦለታል። ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ መሐል ብትወድቅ ኖሮ የሎስ አንጀለስ ከተማ እሳት አደጋ በራሱ አምቡላንስ ወስዶ በራሱ ታሪፍ ያስከፍላት ነበር። የኢንግልውድን የእሳት አደጋ ሥራ የሚሠራው ግን ካውንቲው ነው፤ ሕመምተኛውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ደግሞ አካባቢውን በጨረታ የያዘው የግል ድርጅት።

ታሪፉ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። መርካቶ ሸሚዝ የሚገዛ ሰው ዋጋው ካልጣመው ሱቅ ይቀይራል። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ምን ይቀይራል? በዚያ ላይ የካሊፎርኒያ ሕግ ካውንቲዎች አንድን አካባቢ ለአንድ ድርጅት ብቻ እንዲሰጡ ስለሚፈቅድ፣ ሌላ ሱቅ የሚባል ነገር የለም። (አሜሪካ ውስጥ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ከተሞች አምቡላንስ የሚያሰማሩት የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ፤ ሰው አስተኝቶ የሚወስድ መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸውና። የያኔው ደንበኛ በሁለቱም መንገድ ከእጃቸው አይወጣም ነበር።)

ችግሩ፣ ጣሪያው ሲቆረጥ የሚታሰበው የድርጅቱ ወጪና ገቢ እንጂ የአክስቴ ኪስ አለመሆኑ ነው። ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር የራሱን ዋጋ ራሱ ይቆርጣል፤ ድርጅቱ ልዩነቱን ከታካሚው መጠየቅ አይችልም። የድሆቹ ሜዲ-ካል ደግሞ ለዓመታት ለድንገተኛ ጉዞ መነሻ የሚከፍለው 120 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ድርጅቱ እዚያ የጎደለበትን ከየት ይሙላ? ሥራ ያለው፣ የግል ኢንሹራንስ የያዘ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። በአንዳንድ ካውንቲዎች እንዲያውም ድርጅቱ አካባቢውን ለመያዝ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ያም ዞሮ ዞሮ ቢሉ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ታሪፉ ከፍ እንዲል የሚፈልገው ድርጅቱ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል።

ዋሽንግተን ነገሩን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ድንገተኛ ቢልን የሚከለክለው የፌደራል ሕግ በ2020 መጨረሻ ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ሲውል የአየር አምቡላንስን አካተተ፤ በጎማ የሚሄደውን ግን ተወው። የየከተማውና የየካውንቲው ታሪፍ፣ የየእሳት አደጋው ገቢ ስለተነካካበት ማንም ሊደፍረው አልፈለገም። የካይዘር ቤተሰብ ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ የግል ኢንሹራንስ ካላቸው ሰዎች የድንገተኛ አምቡላንስ ጉዞ ግማሽ ያህሉ ኢንሹራንሱ ውል ከሌለው ድርጅት የሚመጣ ክፍያ አለበት።

ካሊፎርኒያ ራሷ ተንቀሳቀሰች። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በ2023 የፈረሙት ኤቢ 716 የተባለው ሕግ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ፣ ድርጅቱ ውል ኖረውም አልኖረው፣ ታካሚው ውል ላለው ከሚከፍለው ድርሻ በላይ እንዳይጠየቅ ከለከለ። ኢንሹራንስ የሌለውም ከሜዲኬር ወይም ከሜዲ-ካል ክፍያ ከሚበልጠው በላይ አይጠየቅም። ይህን በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መለጠፍ ነው፤ ሳያውቅ ሙሉውን ቢል በወር በወር የሚከፍል ወገን ሞልቷል።

ሆኖም ሕጉ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ውል የሌለው ኢንሹራንስ ለድርጅቱ ስንት ይክፈል? የአካባቢው መንግሥት የቆረጠውን ታሪፍ። ድሮ ሊደራደሩበት የሚችሉት ጣሪያ አሁን በሕግ የሚከፈል ዋጋ ሆነ። ታሪፉ ከፍ ሲል ቢሉ ለታካሚው አይመጣም፤ የሁላችን የኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። የካውንቲው አምስት ሱፐርቫይዘሮች መሐል ከተማ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። እዚያ ስለ ታሪፍ የሚናገር የእኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ሄጄ አላውቅም።

አክስቴ ሕጉን ስነግራት ደስ አላት። ከዚያ የምትሠራበትን ሆቴል የሠራተኛ ክፍል እንድትጠይቅ አደረግኳት፤ ሆቴሉ የሠራተኞቹን ሕክምና ከራሱ ካዝና ነው የሚከፍለው፣ ኢንሹራንስ ኩባንያው ወረቀቱን ብቻ ያስተናግዳል። በ1974ቱ የፌደራል ሕግ ምክንያት የስቴት ሕግ እንዲህ ያለውን ፕላን አይገዛም። አሜሪካ ውስጥ በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ካለው ሰው ከግማሽ በላዩ በዚህ ዓይነት ፕላን ሥር ነው።

ፍሪጇ ላይ በማግኔት የተለጠፈች ወረቀት አለች። ከታች 911 ይላል። ከላይ የተጻፈው የእኔ ስልክ ቁጥር ነው፤ ከቤቷ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው የምኖረው፣ ትራፊክ ከሌለ።