ርካሽና ቀላል ድንኳን ለቅዳሜና እሁድ ይበቃል?

ቀላል ድንኳን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቀለለው ከውድ ዕቃ ስለተሠራ ነው፤ ሌላው የቀለለው የሚያስፈልገው ነገር ስለተቀነሰበት ነው። ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ውዱ ከቀጭን ግን ጠንካራ ናይለን የተሰፋ፣ በአሉሚኒየም ዘንግ የሚቆም፣ የውስጥና የውጭ ጨርቅ ያለው ድርብ ድንኳን ነው። ርካሹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ነጠላ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ሁለት የፋይበርግላስ ዘንግና ጥቂት ቀጫጭን ካስማዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ርካሽ ድንኳን የሚገዛ ሰው ክብደቱን ከመጠየቁ በፊት ምን ጎድሎት እንደቀለለ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቅለት ራሱ የሚጠቅመው ድንኳኑን በጀርባው ተሸክሞ ለቀናት ለሚጓዝ መንገደኛ ነው። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እሁድ ማታ የሚመለስ ቤተሰብ ድንኳኑን የሚሸከመው ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እስከ ግራሩ ጥላ ድረስ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ እንኳ የጎብኚውን ጓዝ የሚሸከመው በቅሎ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጠቃሚ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቢጨመር የሚቀየር ነገር የለም። እንዲያውም ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆኑ ሁለት ርካሽ ድንኳኖች ከበድ የሚለው ብዙውን ጊዜ የተሻለው ነው፤ ትርፉ ክብደት የሁለተኛው ጨርቅ፣ የወፍራሙ ወለልና የተጨማሪው ዘንግ ነውና።

ከሚጎድሉት ነገሮች ሁሉ ሌሊቱን የሚያበላሸው የሁለተኛው ጨርቅ አለመኖር ነው። ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ በትንፋሹና በላቡ ከአንድ ብርጭቆ ያላነሰ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። በድርብ ድንኳን ውስጥ ይህ እርጥበት ስስ በሆነው የውስጥ ጨርቅ አልፎ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን የውጭ ጣሪያ ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ በጣሪያው ላይ ተንሸራትቶም መሬት ይወርዳል። የተኛውን ሰው አይነካውም። በነጠላው ድንኳን ግን ጠብታው የሚያርፈው ከፊቱ በላይ ባለው ጣሪያ ላይ ነው። ንፋስ ጨርቁን ሲያራግበው ይንጠባጠባል፤ ግድግዳውን የነካ ብርድ ልብስም ይረጥባል። ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ባደረበት ሌሊት «ድንኳኑ አፈሰሰ» ተብሎ የሚማረረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከልማድ ጋር ይጋጫል፦ ብርድ ሲጠና ዚፑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ችግሩን ያብሳል፤ ከላይም ከታችም ትንሽ ክፍት ትቶ አየር እንዲመላለስ ማድረግ ያቀለዋል። እንደ ወንጪ ባለ ሐይቅ ዳር፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ አየሩም እርጥብ በሆነበት ቦታ፣ የአየር መውጫ የሌለው ነጠላ ድንኳን ጠዋት ላይ ውስጡ በጤዛ ተሸፍኖ ይገኛል።

ዝናብን በተመለከተ አምራቾች የጨርቁን አቅም በሚሊሜትር ይገልጻሉ። ቁጥሩ የሚገኘው በጨርቁ ላይ በቆመ ቱቦ ውስጥ ውሃ እየጨመሩ ጠብታ ማሳለፍ የሚጀምርበትን ከፍታ በመለካት ነው። ለጣሪያ 1,500 ሚሊሜትር እንደ ጥሩ መነሻ ይቆጠራል፤ ወለሉ ደግሞ የሰው ጉልበትና ክርን ስለሚጫነው ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በጣም ርካሽ ድንኳኖች ላይ ቁጥሩ ከ1,000 ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማይጻፍባቸውም አሉ። ይሁን እንጂ ከጨርቁ ይልቅ ቶሎ የሚከዳው ስፌቱ ነው። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ የውሃ መግቢያ ስለሆነ፣ በጥሩ ድንኳን ላይ ስፌቱ ከውስጥ በኩል ውሃ በማያሳልፍ ቀጭን ፕላስቲክ ይታሸጋል። ይህ መኖር አለመኖሩ ሱቅ ውስጥ ድንኳኑን ገልብጦ በማየት ብቻ ይታወቃል።

የፋይበርግላስ ዘንግ በርዝመቱ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ ስንጥሩ እጅ ውስጥ ከገባም ያሰቃያል። በለስላሳ ንፋስ ችግር የለውም። ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ ድንኳኑ ተለምጦ የተኛው ሰው ላይ ይጋደማል፣ አለዚያም ዘንጉ ይሰበራል። አብረው የሚሸጡት ቀጫጭን ካስማዎች ጠንካራ መሬት ላይ ይታጠፋሉ፣ አሸዋ ላይ ይነቀላሉ።

እንግዲህ ፍርዱ በቦታውና በወቅቱ ይወሰናል። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለው የጨነቅ ማደሪያ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 13 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በበጋ ላንጋኖ ዳር ለሚያድር ሰው ድንኳን የሚያስፈልገው ለትንኝ፣ ለጤዛና ለገመና ነው፤ ለዚህ ርካሹ በሚገባ ይበቃል። እዚያ የሚያስቸግረው የግራር እሾህ ነው፤ ቀጭን ወለልን ያለ ችግር ይበሳል። በጨነቅ ወይም በባሌው ሳነቴ አምባ ግን የበጋው ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ንፋሱም የዋዛ አይደለም። እዚያ በነጠላ ድንኳን ማደር አይመከርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ደግሞ፣ በደጋው ሁሉ የትም ቢሆን፣ ለሁለት ቀን የታሰበ ሽርሽር በመጀመሪያው ማታ ሊያበቃ ይችላል።

ብርድን በሚመለከት ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ድንኳን ንፋስና ዝናብ ይከላከላል እንጂ ያን ያህል አያሞቅም። የተኛን ሰው በይበልጥ የሚያቀዘቅዘው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ስለዚህ በድንኳኑ የተቆጠበው ገንዘብ በወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍና በደህና ስሊፒንግ ባግ ላይ ቢውል ለሰውነቱ የበለጠ ይጠቅማል።

ርካሹን ድንኳን በጥቂት ወጪ ማሻሻልም ይቻላል። ከበላዩ አንድ ሰፊ ሸራ በገመድ ቢወጠር የጎደለውን ሁለተኛ ጣሪያ ያህል ያገለግላል፤ በሸራውና በድንኳኑ መካከል ግን አየር የሚያልፍበት ቦታ መተው አለበት። ከወለሉ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ከእሾህና ከእርጥበት ይከላከላል፤ ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ ውጭ ከተረፈ ግን የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከሥር ያስገባዋል። ከ8 ሚሊሜትር ፌሮ የተቆረጠና አናቱ የታጠፈ ካስማ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። «ለሁለት ሰው» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መተኛቱን እንጂ ሻንጣን ስለማይቆጥር፣ ጥንዶች የሦስት ሰው የሚባለውን ቢገዙ ይመቻቸዋል።

ዕድሜውን የሚወስነው አያያዙ ነው። እርጥቡን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ድንኳን ይሻግታል፤ ውሃ እንዲከላከል የተቀባው ቅብም ከጊዜ በኋላ እየተጣበቀ ይላጣል። ፀሐይም ጨርቁን ያደክመዋል፤ በተለይ በከፍታ ቦታ። ስለዚህ ከጉዞ መልስ በጥላ ሥር ማድረቅ፣ ቀን ቀንም በከንቱ ተተክሎ እንዳይውል ማድረግ ይገባል። ዋጋው ርካሽም ይሁን ውድ፣ በድንኳን ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይገባም። ፍም ጢሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዝ ያመነጫል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በበጋ፣ በመኪና፣ በቆላና በወይና ደጋ ለሚያድር ሰው ርካሹ ድንኳን ይበቃዋል፤ ከመነሳቱ በፊት ግን ግቢው ውስጥ ተክሎ ውሃ ቢያፈስበት ጉድለቱን ቀድሞ ያውቃል። በክረምት ወይም በከፍተኛ ተራራ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለማደር ላሰበ ሰው ደግሞ ከመግዛት መከራየት ያዋጣል፤ ለሰሜን ተራሮች ጉዞ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ የሚያከራዩ በጎንደርና በደባርቅ አሉ።