የመድረክ ብርሃን፦ ከሻማ እስከ ኮምፒውተር

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1881 የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርት የበራ አምፖል ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። አምፖሉን በቀላሉ እሳት በሚይዝ ስስ ጨርቅ ጠቀለለና ተመልካቹ እያየ ሰበረው። መብራቱ ወዲያው ጠፋ፤ ጨርቁ ግን ጫፉ እንኳ አልተለበለበም።

ሕዝቡ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ያስፈልገው ነበር። ልክ ከሃያ ቀን በፊት በቪየና የሚገኘው ሪንግ ቴአትር ከጋዝ መብራት በተነሳ እሳት ጋይቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ሳቮይ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ለተመልካቹ አዳራሽ ብቻ ነበር የበቃው፤ በዚያ ዕለት ግን መድረኩም በራ። ወደ 1,200 የሚጠጉ አምፖሎች የተገጠሙለት ይህ ቤት ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሕዝብ ሕንፃ ለመሆን በቃ።

የመድረክ ብርሃን ታሪክ ብርሃንን እንደ ፈረስ የመግራት ታሪክ ነው። ማብራት ከጥንትም አልገደደም፤ የገደደው ማደብዘዝ፣ ማጥፋት፣ በተፈለገው ሰዓት በተፈለገው ሰው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ነበር።

የጥንት ግሪኮች በፀሐይ ስለሚጫወቱ ጭንቀቱን አላወቁትም። የሼክስፒር ግሎብ ቴአትርም መሐሉ ለሰማይ የተከፈተ ነበር፤ ትርኢቱም ከሰዓት በኋላ ነው የሚታየው። ተዋናዩ ሻማ ወይም ችቦ ይዞ ሲወጣ ተመልካቹ ሌሊት መሆኑን ይረዳል፤ የቀረውን ጨለማ በሐሳቡ ይሞላዋል። ችግሩ የመጣው ቴአትር ጣሪያ ሥር ሲገባ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሴባስቲያኖ ሰርሊዮ በ1545 ባሳተመው መጽሐፉ ቀለም ያለው ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ ከመብራት ፊት ማቆምን አስተማረ። ዛሬ ባለሙያዎች ጄል የሚሉት የቀለም ማጣሪያ የዚያ ጠርሙስ የልጅ ልጅ ነው። አዳራሹን የሚያበራው ሻማ ግን ይጨሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ክሩም ይረዝማል። ስለዚህ ክር የሚቆርጥ ሠራተኛ በትርኢቱ መካከል ተዋናዮቹ አጠገብ ብቅ ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ልጓሙ መጀመሪያ የተገኘው ከጋዝ ነው። የፊላደልፊያው ቼስትነት ስትሪት ቴአትር በ1816፣ የለንደኖቹ ድሩሪ ሌን እና ኮቨንት ጋርደን በ1817 በጋዝ በሩ። ቱቦዎቹ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ቧንቧ እያዞረ መድረኩን ሁሉ ማደብዘዝ ቻለ። ኖራን በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል በማጋል የሚገኘው ደማቅ ነጭ ብርሃን ደግሞ በ1837 ኮቨንት ጋርደን ገባ። ከእያንዳንዱ መብራት ጀርባ የቆመ ሠራተኛ ተዋናዩን በጨረሩ ይከተለዋል፤ የዛሬው ስፖትላይት አባቱ ይህ ነው። በ1876 የኦፔራ ደራሲው ሪቻርድ ቫግነር በጀርመኗ ባይሮይት ከተማ የተመልካቹን አዳራሽ አጨለመው። እርስ በርሱ ለመተያየት ይመጣ የነበረው ታዳሚ ዓይኑ ከመድረኩ ሌላ ማረፊያ አጣ።

ብርሃን ምን መናገር እንደሚችል በጥልቀት ያሰበበት ስዊዘርላንዳዊው አዶልፍ አፒያ ነው። በ1899 በታተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሸራ ላይ የተሳለ ዛፍ የተሳለ ጥላ አለው፤ ከፊቱ የሚቆመው ተዋናይ ግን ሥጋና አጥንት ያለው ሰው ነው። ሁሉን እኩል የሚያበራ ብርሃን ሰውየውንም እንደ ሸራው ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ቅርጽ የሚወለደው ጥላ ሲኖር ነው።

ሐሳቡን ወደ ትምህርት የለወጠው በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ስታንሊ ማካንድለስ ነው። በ1932 ባወጣው መጽሐፍ መድረኩን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከፊት በግራና በቀኝ፣ ከላይ በ45 ዲግሪ ግድም በሚወርዱ ሁለት መብራቶች ማብራትን አሳየ። አንደኛው ሞቅ ያለ ቀለም አለው፤ ሁለተኛው ቀዝቀዝ ያለ። ፊት በደንብ ይታያል፣ ቅርጹንም አያጣም። ዘዴው ዛሬም የጀማሪዎች ፊደል ነው።

አቅጣጫ ሲለወጥ ትርጉም ይለወጣል። ብርሃን ከታች ሲመጣ ፊት ያስፈራል፤ ማታ ምድጃ ላይ ያጎነበሰን ሰው ያየ ያውቀዋል። ከጀርባ ሲመጣ ሰውየውን ከመጋረጃው ይለየዋል። ከጎን ሲመጣ ክንድን፣ እግርን፣ ወገብን አጉልቶ ያወጣል፤ ስለዚህም የውዝዋዜ መድረክ ያለ ጎን ብርሃን አይታሰብም። በዚህ ጥበብ የተመሰገነችው ጂን ሮዘንታል ለአሜሪካዊቷ ተወዛዋዥ ማርታ ግራሃም ትርኢት በሰያፍ የምታወርደው ጨረር «የእግዚአብሔር ጣት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በ1957 የታየውን ዌስት ሳይድ ስቶሪ የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ያበራችውም እሷ ናት።

ሥራው ራሱ ከትርኢቱ በፊት ብዙ ድካም አለው። ባለሙያው ተውኔቱን ያነባል፣ ልምምድ ላይ ይቀመጣል፣ ከአዘጋጁ ጋር ይማከራል፤ የትኛው መብራት የት እንደሚሰቀል በንድፍ ያሰፍራል። መብራቶቹ ከተሰቀሉ በኋላ አንዱ መሰላል ላይ ይወጣል፣ ሌላው ተዋናዩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይቆማል። ባለሙያው ከታች «ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ፣ እሰረው!» ይላል። ፊቱ ላይ ሙቀት የሚሰማው የቆመው ሰው ጨረሩ መሐል መግባቱን በቆዳው ያውቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በሦስት ሴኮንድ ይደብዝዝ ወይስ በሠላሳ የሚለው ይወሰናል። ሠላሳ ሴኮንድ የሚፈጅ ምሽት ሲመሽ ማንም አያየውም፤ ሁሉም ግን ይሰማዋል።

ይህን ሁሉ በእጅ ማንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይጠይቅ ነበር። በ1975 ታሮን መሰር አ ኮረስ ላይን የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ስታበራ የማስታወስ ችሎታ ያለው ኮምፒውተር በኒውዮርኩ የቴአትር መንደር ብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። መድረኩ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ፤ ለሚና የሚፈተኑት ተወዛዋዦች ከውጭው ፈተና ወደ ውስጥ ሐሳባቸው ሲሻገሩ የሚያሻግራቸው ብርሃኑ ነው። በ1981 በራሳቸው የሚዞሩ መብራቶች በሙዚቃ ኮንሰርት ታዩ። በ1986 ዲኤምኤክስ 512 የተባለው የጋራ ቋንቋ መጣና የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች ከአንድ ሰሌዳ መታዘዝ ጀመሩ። ዛሬ ኤልኢዲ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን በእጅጉ ቀንሶታል፤ ያለ ጄልም ቀለም ይለውጣል። ነገር ግን የድሮው አምፖል ሲደበዝዝ እንደ ፍም እየቀላ ይሞታል፤ ርካሽ ኤልኢዲ ግን እየዘለለ ይጠፋል። በለንደኑ ላይሲየም ቴአትር ተዋናዩ ሄንሪ ኧርቪንግም ኤሌክትሪክ ከመጣ በኋላ ለለስላሳነቱ ሲል ጋዝን የሙጥኝ ያለው በተመሳሳይ ምክንያት ነበር። አዲስ ዕቃ ሲመጣ የባለሙያው ዓይን ከዜሮ መማሩ አይቀርም።

ሙያው ክብሩን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ከ1947 ጀምሮ የሚሰጠው የአሜሪካው የቶኒ ሽልማት ለብርሃን ዘርፍ የከፈተው በ1970 ነው። በእኛም አዳራሾች ተመልካች ወጥቶ የሚያወራው ስለ ተዋናዩና ስለ ደራሲው ነው። በሚቀጥለው ቴአትር ግን ትዕይንቱ ሲለወጥ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ልብ ይበሉ፤ ሲወጡም የብርሃን ባለሙያውን ስም ጠይቀው ይወቁ።